ሽማግሌው ውሻ በረዶ ላይ ወጥቶ የማይሸናው ለምንድነው?

ሊነጋጋ ሲል ነው። ውሻዬ ቡቺ በሩ ጋ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ ከፈትኩለት፣ የፊት እግሩን አውጥቶ በረዶው ላይ አሳረፈና ወዲያው መልሶ አነሳው፣ ከዛ ዞር ብሎ አየኝ። ውጣ እንጂ አልኩት፣ አልወጣም። እንደዛ ተፋጠን አምስት ደቂቃ ቆምን፣ ብርዱ ቤቱን ሞላው፣ በቃ ተወው ብዬ በሩን ዘግቼ ጀርባዬን ከማዞሬ ምንጣፉ ላይ ለቀቀው። ያን ቀን ጮኬበታለሁ፣ 13 ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ቤት ውስጥ ያልሸና ውሻ ላይ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ብዙ ሰው እልህ ይዞት ነው፣ ሰንፎ ነው፣ ቀብጦ ነው ይላል፣ ሂሳቡ ግን ቀላል ነው፦ ውሻ ሲያረጅ ፊኛው የሚሰጠው ጊዜ እያጠረ ይሄዳል፣ በረዶ ሲመጣ ደሞ ከመኝታው እስከ መሽኛው ያለው መንገድ ለሱ ይረዝማል፣ ሁለቱ የሚገናኙት ምንጣፉ ላይ ነው። ስለዚህ ወይ ጊዜውን ማስረዘም ወይ መንገዱን ማሳጠር ነው ያለው አማራጭ፣ ጩኸት ሁለቱንም አያደርግም።

አምና ደህና ነበር፣ ዘንድሮ ምን መጣ?

መጀመሪያ "ያረጀ" የሚለውን እንስማማበት። ትናንሽ ውሾች እንደ ሽማግሌ የሚቆጠሩት ከ10 እስከ 12 ዓመት አካባቢ ነው፣ ግዙፎቹ ግን ገና በ6 እና በ7 ዓመታቸው እዛ ይደርሳሉ። ትልቅ ውሻ ያላችሁ "ገና 7 ዓመቱ ነው እኮ" ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

ዋናው ነገር መገጣጠሚያ ነው። በሁለት አጥንቶች መሀል እንዳይፋተጉ የሚያደርግ ለስላሳ ልም አጥንት አለ፣ እሱ በዕድሜ እየሳሳ ሲሄድ መገጣጠሚያው ያብጣል ያማል፣ አርትራይተስ የሚባለው ይሄ ነው። ዘይት ያጣ የበር ማጠፊያ አስቡ፣ ብዙ ሰዓት ተዘግቶ ሲቆይ መጀመሪያ ሲከፈት ነው የሚጮኸው፣ አምስት ስድስቴ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ይላላል። ውሻውም እንደዛ ነው፣ መገጣጠሚያው በጣም ግትር የሚልበት ሰዓት ከእንቅልፍ የተነሳበት ሰዓት ነው፣ ሽንቱ በጣም የሚወጥረውም በዛው ሰዓት ነው። እኛ ደሞ በዛው ሰዓት በር ከፍተን ውጣ እንላለን።

ጡንቻውም ይቀንሳል፣ መጀመሪያ የሚሳሳው የኋላ ጭን ነው፣ እጃችሁን አሳርፋችሁ ከፊት ትከሻው ጋር አወዳድሩት። ጤነኛ ውሻም ቢሆን 60 በመቶ የሚሆነውን ክብደቱን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ነው፣ ኋላው ሲደክም ደሞ የበለጠ ወደ ፊት ይጭናል። ሌላው ብዙ ሰው የማያስተውለው የነርቭ ነገር ነው። እኛ አይናችንን ጨፍነን እግራችን የት እንዳለ እናውቃለን አይደል፣ ውሻም ያውቃል፣ ሲያረጅ ግን ይሄ ስሜት ይደክማል። ምልክቱ ሲሄድ የኋላ ጥፍሩ መሬት ሲቧጭር ይሰማል፣ የጥፍሩም የላይኛው ጎን ተበልቶ ታገኙታላችሁ። እግሩ የት እንዳረፈ በደንብ የማያውቅ እንስሳ መስታወት የመሰለ መሬት ላይ ሂድ ስትሉት ቆም ቢል ምን ይገርማል።

ቶሎ ቶሎ መሽናቱስ?

ጎልማሳ ጤነኛ ውሻ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሊይዝ ይችላል። ሲያረጅ 4 ሰዓት ካስቻለው ጥሩ ነው፣ ከዛም በታች የሚወርድ አለ። ለምን?

አንዱ ኩላሊት ነው። የኩላሊት ስራ ቆሻሻ ማውጣት ብቻ ይመስለናል፣ ግማሹ ስራው ግን ውሃውን ወደ ሰውነት መልሶ መቆጠብ ነው። ሲደክም ቆጣቢነቱን ያጣል፣ ሽንቱ ብዙ ይሆናል ቀለሙም እንደ ውሃ ይነጣል፣ ውሻው ያጣውን ለመተካት ይጠጣል፣ ስለጠጣ ደሞ ይሸናል። ስኳር በሽታና ኩሺንግ የሚባለው የሆርሞን በሽታም እንደዚሁ ያደርጋሉ፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድሃኒቶችም ያስጠማሉ ያሸናሉ። መለኪያ ከፈለጋችሁ፣ በቀን በኪሎ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሚጠጣ ውሻ በዛ ይባላል፣ ማለትም 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ 1 ሊትር ከጨረሰ ለሀኪም መንገር ነው። ሳህኑን ጠዋት ለክታችሁ ሞልታችሁ በማግስቱ የተረፈውን መለካት ነው፣ ሌላ መሳሪያ አይፈልግም።

ሌላው ደሞ ክዳኑ ነው። ፊኛን እንደ ጀሪካን ካሰብነው አፉ ላይ የሚዘጋ ጡንቻ አለ፣ ክዳኑ ከላላ ጀሪካኑ ባይሞላም ያፈሳል። ይሄ በብዛት የሚታየው እንዳይወልዱ ኦፕራሲዮን በተሰራላቸው ሴት ውሾች ላይ ነው፣ ተኝታ ስትነሳ የተኛችበት ረጥቦ ይገኛል፣ እሷ ራሷ አታውቀውም። በበረዶ ወጣች አልወጣች ይሄኛው አይለወጥም፣ ደስ የሚለው ግን ክዳኑን የሚያጠብቅ መድሃኒት አለው።

እና እባካችሁ ውሃ አትከልክሉ። "እንዳይሸና ማታ ውሃውን አነሳበታለሁ" የሚል ሰው አለ። ኩላሊቱ የደከመ ውሻ ውሃ ከተከለከለ ሽንቱ አይቆምም፣ ውሻው ነው የሚደርቀው።

በረዶው ራሱ ምን ያደርገዋል?

በአማርኛ በረዶ ስንል ሁለት ነገር አንድ ላይ እንጠራለን፣ ከሰማይ የሚወርደውን ለስላሳውንም፣ ውሃው መሬት ላይ ረግቶ መስታወት የሆነውንም። ለውሻ ግን የተለያዩ ናቸው። ለስላሳው ጥልቅ ካልሆነ ያን ያህል አያዳልጥም፣ ችግሩ ይሸፍናል፣ ይቀዘቅዛል፣ በጣቶቹ መሀል ባለው ፀጉር ውስጥ ይጠቀለልና ልክ ጫማ ውስጥ ጠጠር እንደገባ ይሆናል። የረጋው ነው የሚጥለው። በተለይ ቀን ቀልጦ ማታ መልሶ የረጋው፣ በተለይ ላዩ ላይ ቀጭን ውሃ ያለበት።

ውሻ እንዳያዳልጠው መሬቱን ቆንጥጦ የሚይዘው በጥፍሩና በመዳፉ ነው። ጥፍሩ ረጅም ከሆነ ጣቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ መዳፉ መሬቱን በደንብ አይነካም። ያረጀ ውሻ ብዙ ስለማይሄድ ጥፍሩ አያልቅም፣ ስለዚህ ለማዳለጥ ቀድሞውኑ የተዘጋጀ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን አቋቋሙን አስቡት። ሴት ስትሸና ኋላዋን ዝቅ አድርጋ ትይዛለች፣ ወንድ አንድ እግሩን አንስቶ በሶስት ይቆማል፣ ሰገራ ላይ ሁለቱም ጀርባቸውን ጎብጠው የኋላ እግራቸው ላይ ይንጠለጠላሉ። ይሄ ሁሉ በደከመው እግር ነው፣ በሚያዳልጥ መሬት ላይ ነው። እግሮቹ ወደ ጎንና ጎን ከተከፈቱበት የጭኑ ጡንቻ ሊቀደድ፣ የጉልበት ጅማቱም ሊበጠስ ይችላል። አንዴ እንደዛ የወደቀ ውሻ ቦታውን አይረሳም። ሽማግሌ ወንድ ውሻ እግሩን ማንሳት ትቶ እንደ ሴት ዝቅ ብሎ ሲሸና ካያችሁ ሚዛኑን ነው የሚጠብቀው።

ደሞ ሽታ አለ። ውሻ የሚሸናበትን ቦታ የሚመርጠው በአፍንጫው ነው፣ ትናንት የሸናበትን፣ ሌላ ውሻ ያለፈበትን ፈልጎ። በረዶ ያንን ሁሉ ይሸፍነዋል፣ ብርድ ደሞ ሽታው ወደ አየር እንዳይነሳ ያደርጋል፣ ስለዚህ ሲዞር ሲዞር ይቆያል፣ እናንተ "ቶሎ በል" ትሉታላችሁ፣ እሱ ግን ደብዳቤው የጠፋበት ሰው ሆኗል። በዛ ላይ ቡችላ ሆኖ ሳር ላይ የለመደ ውሻ እግሩ ስር ሳር ካልተሰማው እዚህ ነው ብሎ አያምንም።

መዳፉ ይቀዘቅዝበታል ወይ ለሚለው፣ የውሻ መዳፍ ከምናስበው በላይ ለብርድ የተሰራ ነው። ትኩስ ደም ወደ እግር የሚያወርደው ቧንቧና የቀዘቀዘውን የሚመልሰው ቧንቧ እዛ ጋ ተጠጋግተው ነው ያሉት፣ ወራጁ ሙቀቱን ለተመላሹ ያቀብለዋል፣ ቀዝቃዛ ደም ሳይሞቅ ወደ ሰውነት አይመለስም። የጃፓን ተመራማሪዎች በደንብ ያሳዩት ነገር ነው። የደም ዝውውሩ በዕድሜ የደከመ፣ የከሳ፣ ወይ ፀጉሩ አጭር የሆነ ውሻ ግን በዚህ ብቻ መተማመን አይችልም።

ሰገራውንስ ለምን ይይዛል?

ምክንያቱ ያው ነው፣ ጎብጦ መቆም ያማል። ግን እዚህ ጋ አዙሪት አለ። ሰገራ አንጀት ውስጥ በቆየ ቁጥር አንጀቱ ውሃውን ይመጠዋል፣ ስለዚህ ዛሬ የያዘው ነገ ይደርቃል፣ የደረቀው ማማጥ ይፈልጋል፣ ማማጥ ረጅም ጊዜ ጎብጦ መቆም ማለት ነው፣ ያማል፣ ስለዚህ ይይዛል። ሁለት ቀን ሙሉ ሳይወጣው ከቆየ ነገ ይሻለዋል ብላችሁ አትጠብቁ፣ ደውላችሁ ጠይቁ።

ጥሩ ሰዓቱ ከምግብ በኋላ ነው። ሆድ ሲሞላ አንጀት ይቀሰቀሳል፣ ብዙ ውሾች በልተው ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይመጣባቸዋል፣ ያንን ሰዓት ያዙት።

እሺ፣ ምን ላድርግ?

ከመሬቱ ጀምሩ፣ ከውሻው አይደለም። ጫማውም ኮቱም የሚመጣው ከመሬቱ በኋላ ነው።

በሩ አጠገብ፣ ንፋስ ከማይመታው ጎን፣ ውሻው ሁለቴ ያህል ዞሮ መቆም የሚችልበት ቦታ ምረጡና በረዶውን እስከ ሳሩ ድረስ በአካፋ ጥረጉት። ለኔ ከሁሉም በላይ የሰራልኝ ብልሃት በረዶ ሊጥል ነው ሲባል ማታ ያቺን ቦታ በሸራ ወይ በወፍራም ላስቲክ መሸፈን ነው፣ ጠዋት ሸራውን ከነበረዶው ስቦ ማንሳት ብቻ ነው፣ ስሩ ያለው ሳር እንደነበረ ነው፣ ሽታውም አለ። ቡቺን ለመጀመሪያ ጊዜ እዛ ሳወጣው አሸተተ፣ ሸና፣ ተመለሰ፣ ሁለት ደቂቃ አልሞላም።

ወደ ቦታዋ የሚወስደው መንገድ ላይ አሸዋ በትኑ። አሸዋ አያቀልጥም ግን ይቆነጥጣል፣ መዳፍም አያቃጥልም። ደረጃ ካለ በጎኑ ዝቅ ያለ መወጣጫ አድርጉ፣ ላዩ ላይ ሸካራ ምንጣፍ ይቸንከር። የቤቱንም ወለል እዩት፣ ውሻ የሚወድቀው ውጪ ብቻ ሳይሆን ተመልሶ ሲገባ በረጠበ እግሩ ሴራሚክ ላይም ነው።

ከመውጣቱ በፊት አሙቁት። እንደተነሳ ቀጥታ ወደ በር አይደለም፣ ሁለት ሶስት ደቂቃ ጭኑንና ወገቡን በእጃችሁ ለስለስ አድርጋችሁ አሹት፣ ክፍል ውስጥ ትንሽ ያንሸራሽሩት፣ ያ ማጠፊያው እስኪላላ ነው። ሽንቱ አስቸኩሎት ከሆነ ግን ማሸቱን ተዉት፣ ሂሳቡን አትርሱ።

መነሳት ለሚቸግረው ፎጣ በቂ ነው። ረዘም ያለ ፎጣ ከሆዱ ስር፣ ከኋላ እግሮቹ ፊት ለፊት አሳልፉና ሁለቱን ጫፍ ከላይ ያዙ። አንጠልጥሉት ማለት አይደለም፣ ቢያዳልጠው ለመያዝ ያህል ነው፣ ክብደቱን ራሱ ይሸከም። ወንድ ከሆነ ፎጣው የሚሸናበትን እንዳይሸፍን ወደ ኋላ ሳብ አድርጉት፣ አለበለዚያ ፎጣው ላይ ይሸናና ሁለታችሁም ትረጥባላችሁ። ለኋላ እግር የተሰሩ እጀታ ያላቸው ማንገቻዎችም አሉ፣ የከበደ ውሻ ከሆነ ለእናንተም ወገብ ይሻላሉ።

ጫማ? አንዳንዱ ይወደዋል አንዳንዱ እግሩን እንደ ሽመላ እያነሳ ይሄዳል። ከመረጣችሁ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ አለማምዱት፣ ሶሉ ቀጭን ጎማ ይሁን መሬቱ እንዲሰማው፣ ማሰሪያው ደም እንዳያቆም፣ ሲገባ ወዲያው ይውለቅ። ጫማ እምቢ ካለ የመዳፍ ሰም ቀቡት፣ በጣቶቹ መሀል ያለውን ፀጉርም ከመዳፉ እኩል ከርክሙት፣ የበረዶ ጠጠሩ የሚይዘው አጥቶ ይቀራል። ኮት ለከሳና ለአጭር ፀጉር ውሻ ጥሩ ነው፣ የረጠበ ኮት ግን ከምንም ይብሳል።

ማታ መብራት አብሩለት። የሽማግሌ ውሻ የአይን ሌንስ ይደፈርሳል፣ በሩና በረዶው መሀል ያለው የጨለማ ደረጃ ለሱ ገደል ሊመስለው ይችላል። እናንተም አብራችሁ ውጡ፣ መስኮት ላይ ሆናችሁ አትዩት፣ ምክንያቱም ያልተመቸው ውሻ ግማሹን ብቻ ሸንቶ ይመለሳል፣ ከሩቅ ሲታይ የጨረሰ ይመስላል። ሸንቶ ሲጨርስ ትንሽ ቆዩ፣ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ዙር አለ።

ጨው ብበትንስ?

ጨው በረዶን የሚያቀልጠው ውሃ የሚረጋበትን ዲግሪ ዝቅ በማድረግ ነው። ተራው ጨው ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ጉልበቱ ያልቃል፣ ስለዚህ ለጠንካራ ብርድ ካልሲየም ክሎራይድ ይጠቀማሉ፣ እሱ ደሞ ውሃ ሲነካው ራሱ ይሞቃል፣ የተሰነጠቀ መዳፍ ላይ ከገባ ያቃጥላል። ውሻ ያቃጠለውን ይልሳል፣ የላሰው ጨው ያስጠማዋል፣ ይጠጣል፣ ይሸናል፣ ዞረን እዛው መጣን። ብዙ ከላሰ ደሞ ያስመልሰዋል፣ ሊመርዘውም ይችላል። ለእንስሳ አይጎዳም የሚል የተጻፈበትም ቢሆን ይላስ ማለት አይደለም። መንገድ ላይ ጨው ከረገጠ ሲገባ እግሩን ለብ ባለ ውሃ እጠቡና በጣቶቹ መሀል በደንብ አድርቁ።

ከጨው በላይ የሚያስፈራኝ ከመኪና የሚንጠባጠበው አንቲፍሪዝ ነው፣ የሞተሩ ውሃ በብርድ እንዳይረጋ የሚጨመረው ፈሳሽ። ውስጡ ያለው ኤትሊን ግላይኮል የሚባለው ኬሚካል ጣፋጭ ነው፣ ውሻ ወዶ ይልሰዋል፣ ትንሽ ቢልስ እንኳ ኩላሊቱን ሊገድለው ይችላል። መድሃኒት አለው፣ የሚሰራው ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ነው። ልሷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፣ ሩጡ።

ቤት ውስጥ ባስለምደው ይበላሻል?

አይበላሽም። "አንዴ ከፈቀድክለት በቃ" የሚባለው ለቡችላ እንጂ ለሽማግሌ ብዙ አይሰራም፣ መሬቱ ሁሉ የረጋ ቀን አንድ የተፈቀደ ቦታ መኖሩ ምንጣፉን ያድናል። ሰፋ ያለ ዝቅ ያለ ትሪ፣ ውስጡ የሽንት ፓድ ወይ አርቴፊሻል ሳር፣ ሳር የለመደ ከሆነ እውነተኛ ሳር ከነአፈሩ ቆርጦ ማስቀመጥም ይቻላል። በሩ አጠገብ ይሁን፣ ወደዛ መሄድ ድሮም ያውቃልና። ውጪ የሸናበትን የነካ ወረቀት እላዩ ላይ ካደረጋችሁ ሽታው ይጠራዋል። ያልተፈቀደበት ቦታ ሲሸና ደሞ ኢንዛይም ባለው ማጽጃ ማጽዳት ነው፣ በአሞኒያ አይደለም፣ ሽንት ራሱ አሞኒያ ስለሚሸት እዚህ ሽና እንደማለት ነው።

ዳይፐር ለሚያፈሰው ውሻ ማታ ማታ ይጠቅማል፣ ግን ቶሎ ቶሎ ካልተቀየረ ቆዳውን ይልጠዋል።

ረስቶት ቢሆንስ?

ይሄም አለ። ሰው ሲያረጅ እንደሚዘነጋው ውሻም ይዘነጋል። በሩ የሚከፈትበትን ጎን ትቶ ማጠፊያው ጋ ይቆማል፣ ወጥቶ ምን ሊያደርግ እንደወጣ ይረሳል፣ ገብቶ ምንጣፉ ላይ ያስታውሰዋል፣ ሌሊት ነቅቶ ይዞራል። ለእንዲህ አይነቱ ሰዓት አለመቀየር ነው ትልቁ ነገር፣ ሁሌ በዛው ሰዓት፣ በዛው በር፣ በዛችው ቦታ፣ በገመድ ይዞ፣ አንድ አይነት ቃል እያሉ። ሲሸና ወዲያው እዛው ማመስገን፣ ቤት ከገባ በኋላ አይደለም፣ ያኔ ለምን እንደተመሰገነ አያውቅም።

ውጪ ስንት ደቂቃ ይቆይ?

ሰዓት ሳይሆን ውሻውን እዩ። የውሻ ሙቀት ጤነኛ ሲሆን ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፣ ከ37 በታች ሲወርድ ብርዱ በልቶታል። መንቀጥቀጥ፣ እግር እያፈራረቁ ማንሳት፣ ወደ በር መሳብ የግባ ምልክት ነው። ሲንቀጠቀጥ የነበረ ውሻ ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ካቆመ ደሞ ተሻለው አትበሉ፣ ሰውነቱ ተሸንፎ ነው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ሀኪም ጋ ውሰዱት። የጆሮ ጫፍ፣ የጅራት ጫፍ ወይ ጣት ገርጥቶና ደንድኖ ከቀዘቀዘ አትሹት፣ ለብ ባለ ውሃ ቀስ አድርጎ ማሞቅ ነው።

መቼ ነው ሀኪም ጋ የምሄደው?

ለመሽናት እያማጠ ጠብ የማይልለት ውሻ ለነገ አይባልም፣ በተለይ ወንድ ከሆነ ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ደም፣ በድንገት የበዛ ጥማት፣ ወይ ትናንት ቆሞ ዛሬ የኋላ እግሩ እምቢ ካለም በዛው ቀን። የቀረውን፣ ማለትም ቀስ በቀስ የመጣውን መሸራተትና ማፍሰስ፣ እርጅና ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ብዙው መድሃኒት አለው። ከራሳችሁ ሳጥን አውጥታችሁ ግን አትስጡት፣ ኢቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያቆስላል ኩላሊቱንም ይጎዳል፣ ፓራሲታሞልም ያለ ሀኪም አይነካም።

ስትሄዱ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛው ሲሄድና ሲሸና በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ነው፣ ክሊኒክ ሲገቡ ብዙ ውሾች ደንግጠው ቀጥ ብለው ይሄዳሉና። ሁለተኛው የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት በንጹህ እቃ። ሀኪሙ አምጣ ሲለኝ እንዴት አድርጌ ብዬ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ያረጀ ጭልፋ ረጅም እንጨት ላይ አስሬ ከኋላው ቀስ ብዬ ሄድኩ። ቡቺ ጭልፋውን ሲያይ መሽናቱን አቁሞ ትኩር ብሎ አየኝና ወደ ቤት ገባ። በማግስቱ ግን ተሳካ።